ትልቅ ሰው በትንሽ ወንበር

የምሥራች! ቁጭ አሉ!

አዎን፣ ቁጭ አሉ። ጉልበታቸው ታጠፈ፣ ወገባቸው ዝቅ አለ፣ መቀመጫቸው ወንበር ነካ፤ ነክቶም እዚያው ረጋ። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። «ሰው ወንበር ላይ ቢቀመጥ ምኑ ነው የሚያስጮኸው?» የምትሉ አትጠፉም። እንዲህ የምትሉት ሰውየውን ስለማታውቋቸው ነው ልል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ታውቋቸዋላችሁ።

ልጆች በሚማሩበት ግቢ ሁሉ አንድ አጋዥ አለ። በር የሌለው ግቢ ይገኝ ይሆናል፣ አጋዥ የሌለው ግን የለም። ልብ በሉ፣ የሚያግዝ ሰው አላልኩም። የሚያግዝ ሰው ሲጠሩት ይመጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል፣ ይመሰገናል። አጋዥ ሌላ ፍጥረት ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የተባለው ለእሱ ነው። ስታስነጥሱ መሐረብ የሚያቀብላችሁ ደግ ሰው ነው፤ አጋዥ ግን ገና ሳታስነጥሱ አፍንጫችሁን ይይዝላችኋል።

የእኛ ትምህርት ቤት አጋዥ ሙሉ ማዕረጋቸው «ክቡር የቤተሰብ ኮሚቴ ሊቀመንበር» ነው። ማንም አልመረጣቸውም። በመጀመሪያው ስብሰባ ዳይሬክተሯ «ሊቀመንበር ለመሆን ፈቃደኛ የሆነ…» ብላ ሳትጨርስ «ላግዝ?» አሉ፤ በዚያው ጸደቀ። ሌሎቻችን ጣሪያ ጣሪያውን እያየን ነበር። በሌሉበት «አባ ላግዝ» እንላቸዋለን። ይህቺ «ላግዝ?» የምትለው ቃላቸው ጥያቄ እንዳትመስላችሁ። ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ ጢጥ እንደሚለው ናት፤ ፈቃድ አትጠይቅም፣ ዞር በሉ ነው የምትለው።

ሥራቸው ሊፍት መጠገን ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ሰው ደረጃ እንዳይወጣ ዕድሜ ልካቸውን የደከሙ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ልጁን ይዞ ሌላ የትም ቢሄድ ባልከፋ። እሳቸው ግን ከትምህርት ቤት ሁሉ መርጠው ይዘዋት የመጡት ሞንቴሶሪ ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ትምህርት ቤታችን ትንሽ ናት፤ ድሮ የሰው መኖሪያ የነበረች፣ ሁለት ክፍልና አንድ ሰፊ ሳሎን ያላት። መደርደሪያዎቹ ትልቅ ሰው ጉልበት ላይ ያበቃሉ። ወንበሮቹ ከጫማ ካርቶን እምብዛም አይበልጡም። ጆጉ የእውነት ብርጭቆ ነው፣ መጥረጊያው የእውነት መጥረጊያ ነው፤ ብቻ ሁሉም በልጅ ልክ ነው። ሕጓ ደግሞ አንዲት ናት፦ ልጅ ራሱ ሊሠራው የሚችለውን አትሥራለት። ሲያፈስ ጠብቅ፣ ሲሳሳት ጠብቅ፣ አንዲት ቁልፍ ለመቆለፍ ግማሽ ጠዋት ቢፈጅ ቁጭ ብለህ ጠብቅ። አባ ላግዝና ይህቺ ሕግ አንድ ጣሪያ ሥር ሲገቡ እሳትና ጭድ ተገናኙ ማለት ነው። እኛም ዳር ዳሩን ይዘን ሞቅን።

የሚጀምሩት ጠዋት በር ላይ ነው። የማንም ልጅ ይሁን፣ ቦርሳ አዝሎ ካዩ «ላግዝ?» ነው። በግራ በቀኝ፣ በአንገት በትከሻ ቦርሳ አንጠልጥለው ሲገቡ ዕቃ የበዛበት የአውቶቡስ ጣሪያ ይመስላሉ። ከኋላቸው ሕፃናቱ ባዶ እጃቸውን፣ አጃቢ እንዳለው ባለሥልጣን ዘና ብለው ይከተሏቸዋል። ከቦርሳ ቀጥሎ ጫማ ነው። የጫማ ክር የሚያስሩት ሊፍት የሚያንጠለጥሉበትን ገመድ እንደሚያስሩ ነው፤ ነፍስ የተሰቀለበት ይመስል። አንድ ቀን የልጄን ጫማ እኔ ታገልኩ፣ አባቱ ታገለ፣ በመጨረሻ በፒንሳ ፈታነው። በማግስቱ ይህንኑ ብነግራቸው እንኳን ሊያፍሩ ፊታቸው በራ።

«አየሽ እህቴ፣ ቋጠሮ ማለት እንዲህ ነው! ሌላ ሰው አስሮት ቢሆን መንገድ ላይ ተፈቶ ይጥለው ነበር።»

የመመልከቻዋ ወንበር ነገር ደግሞ አለላችሁ። በእኛ ትምህርት ቤት ወላጅ ቀን አስይዞ፣ ክፍሉ ጥግ ባለች ትንሽ ወንበር ላይ ሆኖ ልጆቹ ሲሠሩ ማየት ይችላል። እጅ ጉልበት ላይ፣ አፍ ዝም። አባ ላግዝ ተራቸው ደረሰ። ቁጭ አሉ አይባልም፤ ወንበሯ ላይ ተንሳፈፉ። መቀመጫቸውና ወንበሯ መካከል እጅ ያሳልፍ ነበር። ፊት ለፊታቸው አንድ ልጅ ወፍራምና ቀጫጭን ድብልብል እንጨቶችን በየልካቸው ቀዳዳ ይከታል። በእጅ መንካት ክልክል፣ መናገር ክልክል። ማሳል ግን ክልክል ነው ያለ አልነበረም። ልጁ ቀጭኑን ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ሲከት «እህም!» አሉ። ልጁ መልሶ አወጣው። ወደ ሌላው ሄደ። «እህ… እህም!» ደግሞ አወጣው። እንዲህ እንዲህ እያለ ክፍሉ በሙሉ በሳል መመራት ጀመረ። ከሄዱ በኋላ ልጆቹ እንጨት በያዙ ቁጥር ወደ ጥጉ ዞረው የሳል ያለህ ይሉ ነበር። አስተማሪያቸው ጉንፋን የያዛት ቀን ጉድ ፈላ፤ ባሳለች ቁጥር ልጆቹ በትክክል የከተቱትን ሁሉ ነቅለው ያወጡታል።

ሌላ ቀን ደግሞ የብርጭቆ ጆጎቹ በሙሉ ፕላስቲክ ሆነው ተገኙ።

«ጋሼ፣ ብርጭቆዎቹ የት ሄዱ?» አለቻቸው አስተማሪዋ።

«ከፍ አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ። ይሰበራሉ እኮ!»

«ስለሚሰበሩ ነው የምንጠቀምባቸው፤ ልጆቹ መጠንቀቅ እንዲለምዱ።»

«አታስቢ፣ እኔ ተጠንቅቄላቸዋለሁ።»

ይህ ሁሉ ግን የግንቡ ዕለት ከመጣው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

የቤተሰብ የሥራ ቀን የሚባል አለን። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ወላጅ ተሰብስቦ የተቀደደ ምንጣፍ ይሰፋል፣ መደርደሪያ ይወለውላል፣ አጥር ይቀባል። ተሰብስቦ የምለው ለወጉ ያህል ነው። ባለ ፋርማሲው አባት ጥግ ይዞ ስልክ ያወራል፤ የባንክ ሠራተኛዋ እናት ሌላው ሲሠራ ፎቶ ታነሳለች፤ እኔ አስተያየት እሰጣለሁ። የሚሠሩት አባ ላግዝ ናቸው። የዚያን ቅዳሜ ሁላችን ስንወጣ «አንዲት የምትቀር ነገር አለች» ብለው ድሪላቸውን ታቅፈው ቀሩ።

የትምህርት ቤቱ መኩሪያ የሆነች ሮዝ ግንብ አለች። ከትልቅ እስከ ትንሽ የሆኑ አራት ማዕዘን እንጨቶች ናቸው፤ ልጁ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደረ ያቆማቸዋል፤ ይፈርስበታል፤ ደግሞ ያቆማል። አባ ላግዝ ይህቺ ግንብ በፈረሰች ቁጥር አንጀታቸው አብሮ ይፈርስ ነበር። ሰኞ ጠዋት አንዲት ልጅ ከጫፏ ያለችውን ሚጢጢ እንጨት ለማንሳት በሁለት ጣቷ ያዘች። ግንቧ በሙሉ አብራ ተነሳች። ልጅቷ አንዴ ግንቧን፣ አንዴ አስተማሪዋን አየችና፣ ግንቧን እንደ ጃንጥላ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ክፍሉን ትዞር ጀመር። ከሥር እስከ ጫፍ በኮላ ተጣብቃለች።

ዳይሬክተሯ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ እግር ሴት ናት። የዚያን ዕለት ጭራሽ ድምፅ አልነበራትም ማለት ይቻላል። በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ግንቧን እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ!» ደረታቸው ተነፋ። «ከእንግዲህ አትፈርስም። ዝሆን ቢወጣባት ንቅንቅ የለም።»

«እንድትፈርስ እኮ ነው የተሠራችው።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ልጆቹ መልሰው እንዲሠሯት።»

«ተሠርታ አለቀች እኮ! ደግሞ ምኗን ይሠሯታል?»

ዳይሬክተሯ ግንቧን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቢሮዋ ገባች። እኛ ምን ቸገረን፤ የምናማው ተገኘልን። ባለ ፋርማሲውማ ስልክ ማውራቱን ትቶ ይህንኑ ያወራ ጀመር።

አሁን ሳቁን ትንሽ ገታ እናድርገውና ስለ ልጃቸው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሷ ላይ ነውና። ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ «ሚጣ» ይሏታል። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ወደ ግቢ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ኮቷ ከተሰቀለበት ፊት ትሄድና ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘርግታ ትቆማለች። ሌላ ምንም አታደርግም። እጅ ሲዘረጋ ኮት በራሱ የሚመጣ ነገር ነው ብላ ነው የምታምነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሲመጣ ነው የኖረው። ቤቷ ሙዝ እስከ ታች ተልጦ፣ ፍራሽ ሞቆ፣ ካልሲ ተገልብጦ ነው የሚጠብቃት። አስተማሪዋ ግን አላለበሰቻትም፤ ጠበቀቻት። ጓደኞቿ ወጥተው፣ ተጫውተው፣ አቧራ ለብሰው ሲመለሱ እሷ እጆቿን እንደዘረጋች ነበረች።

ይህ የሆነው ዓመቱ ሲጀምር ነው። ከግንቧ በኋላ ዳይሬክተሯ ሊቀመንበሩንና ምክትላቸውን ቢሮዋ አስጠራች። ምክትሏ እኔ ነኝ፤ በዚያ በመጀመሪያው ስብሰባ ጣሪያውን ሳይ ቆይቼ ዓይኔን ቶሎ መልሼ ነው የተያዝኩት።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ጫማዋን ራሷ ታስራለች» አለች ዳይሬክተሯ።

«ማን፣ ሚጣ? የለም የለም። እኔ ነኝ የማስርላት።»

«እዚህ ታስራለች። ኮቷንም ትለብሳለች፣ ቁልፉንም ትቆልፋለች። ከለመደች ቆይታለች።»

«ተይ እንጂ! ዛሬ ጠዋት እኮ እጇን ዘርግታ ቆማ ነው ያለበስኳት!»

ዳይሬክተሯ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። «ጠይቄያት ነበር። ‹እዚህ ትለብሻለሽ፣ ቤት ለምን አትለብሽም?› አልኳት። ‹አባዬ ሥራ ይፈታል› አለችኝ።»

ሳቄ መጣ። ዞር ብዬ አባ ላግዝን ሳይ ግን ተውኩት። ድሪል የሚይዙት ትላልቅ እጆቻቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ሰው ረስቷቸው የሄደ ዕቃ ይመስል ትኩር ብለው አዩዋቸው።

«የቤተሰብ ቀን ደርሷል» ቀጠለች ዳይሬክተሯ። «ልጆቹ ጠረጴዛ አዘጋጅተው፣ ውሃ ቀድተው፣ ፍራፍሬ ቆርጠው ወላጆቻቸውን ያስተናግዳሉ። የወላጅ ሥራ መቀመጥ ብቻ ነው። ሚጣ እርስዎን መጋበዝ ትፈልጋለች፤ ግን ትፈራለች። ‹አባዬ ይነሳል› ትላለች። እና ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የዚያን ቀን ከተነሱ፣ ከሚመጣው ሴሚስተር ጀምሮ ከበር ወዲህ አይግቡብኝ።»

«ከበር?»

«ከበር።»

«ቦርሳ ለማቀበል እንኳ?»

«ቦርሳ ለማቀበል እንኳ።»

አባ ላግዝ የፍርድ ቀናቸውን አልጠበቁም፤ ከዚያው ዕለት ጀምረው ራሳቸውን ቀጡ። ጠዋት ጠዋት ልጃቸውን በር ላይ ስመው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይመለሳሉ። እጃቸው ኪስ ስለማያውቅ ክርናቸው ወደ ውጭ ተገንጥሎ፣ ክንፉን እንዳጠፈ ትልቅ ወፍ ሆነው ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን ደረስኩባቸውና «እንዴት ይዞዎታል?» አልኳቸው፤ ሕመምተኛ እንደሚጠየቅ።

«እየተለማመድኩ ነው እህቴ። ትናንት እጇን ዘርግታ ስትቆም፣ ዓይኔን ጨፍኜ መጋረጃውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።»

«እሺ?»

«ከነብረቱ ተነቅሎ ወረደ።»

«ልጅቷስ? ለበሰች?»

«ወዴት! ‹አባዬ፣ አሞሃል?› አለችኝ።»

ይህን ለባለ ፋርማሲው ስነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ብቻ ስንስቅ የግቢው በር ማጠፊያ ሲጮህ ሰማን። እስከዚያ ጊዜ ጮኾ አያውቅም ነበር። ሰነበተና የልጆቹ እጅ መታጠቢያ ቧንቧ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የሥራው ቅዳሜ ደረሰ፤ ባለ ፋርማሲው ስልክ አወራ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ፎቶ አነሳች፣ እኔ ጥሩ ጥሩ አስተያየት ሰጠሁ፤ ምንጣፉ እንደተቀደደ ቀረ። ሦስታችንም አንድ ነገር የገባን ይመስለኛል። ማናችንም ከአፋችን አላወጣናትም። ሐሜት ሞቅ ያደርጋል፤ ቧንቧ ግን አይጠግንም።

እንግዲህ የቤተሰብ ቀን ዛሬ ነበር።

ሳሎኑ በትናንሽ ጠረጴዛ ተሞልቷል። ልጆቹ ሽርጥ አሥረው ውር ውር ይላሉ። ወላጆች በልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታችን ጆሯችንን እየነካ ተደርድረናል። አባ ላግዝ ኮት ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው ሲገቡ ሹክሹክታው ተነሳ።

«ውሃው ሳይቀዳ ይነሳሉ» አለኝ ባለ ፋርማሲው በጆሮዬ።

«የለም፣ ትሪ እስክታነሳ ይቆያሉ» አለች የባንክ ሠራተኛዋ፤ ስልኳን ለፎቶ አዘጋጅታለች።

አባ ላግዝ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ላብ በላብ ናቸው። «እህቴ፣ ከጎኔ ሁኚ። ኮቴን ያዢ። ስነሳ ጎትቺኝ፤ አትራሪልኝ።»

የኮታቸውን ጫፍ መዳፌ ላይ ሁለቴ ጠምጥሜ ጨበጥኩ። ወንበሯ ላይ ትንሽ ተንሳፈፉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ቁጭ አሉ። ወንበሯ ሲጢጥ አለች።

ሚጣ ብቅ አለች። ነጭ ጨርቅ አንጥፋለች፣ ብርጭቆዎቹን ደርድራለች፤ አሁን የቀረው ውሃው ነው። ጆጉን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እስከ አፉ ሞልታው፣ አንድ እግሯን ካንዱ ፊት እያስቀደመች መጣች። ችግሩ ውሃውን አልነበረም የምታየው። የአባቷን ጉልበት ነበር። ይነሳል አይነሳም እያለች ጉልበታቸውን ስትጠብቅ፣ ጆጉ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላተመና ጋደለ። አልተሰበረም። ውሃው ግን ጨርቁን አርሶ፣ ጠረጴዛውን አጥለቅልቆ፣ ባለ ፋርማሲው ጭን ላይ ፏፏቴ ሆነ።

የሚጣ አገጭ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እጆቿ ቀስ እያሉ ወደ ጎን ተዘረጉ። እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ሰሞን። እጆቿን ዘርግታ፣ ዓይኗን አባቷ ላይ ተክላ ቆመች።

እንግዲህ ያን ጊዜ ማን እንደተነሳ ልንገራችሁ። ባለ ፋርማሲው ተነሳ፣ መሐረቡን መዝዞ። የባንክ ሠራተኛዋ ስልኳን ወርውራ ተነሳች። እኔ «አይዞሽ እናቴ! መጣሁ!» እያልኩ ተነሳሁ። ሳሎኑ በሙሉ፣ ስንት ጊዜ በአባ ላግዝ የሳቀው ሕዝብ በሙሉ፣ እጁን ዘርግቶ ብድግ አለ። እኔ ግን መንገድ ሳልጀምር ክንዴ ተጎትቶ መልሶ አስቀመጠኝ። ጠምጥሜ የጨበጥኩት ኮት ንቅንቅ አላለም። ባለቤቱ ቁጭ ብለዋል።

«ቁጭ በሉ» አሉ። አልጮኹም። «ሁላችሁም ቁጭ በሉ። ልጄ ሥራ ላይ ናት።»

አስተማሪ እንደተቆጣው ክፍል አንድ በአንድ ተቀመጥን። አባ ላግዝ ሁለቱንም መዳፎቻቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው። ከንፈራቸው ሲላወስ አየሁ። ያቺ ቃላቸው ልትወጣ ነው ብዬ ሰጋሁ፤ ኮቱን ይበልጥ ጠመዘዝኩት። እሳቸው ግን፣

«እኔ አልቸኩልም ሚጣዬ» አሉ። «እዚሁ ነኝ።»

ልጅቷ አየቻቸው። ጉልበታቸውን አየች፣ ከጭናቸው ሥር የገቡትን እጆች አየች። የተዘረጉት እጆቿ ቀስ ብለው ወረዱ። ዞራ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ስፖንጅና ትንሽ ባልዲ ይዛ መጣች። ጠረገች፣ ጨመቀች፣ ጠረገች፣ ጨመቀች። ጠረጴዛውን ጨርሳ ወለሉን፣ ወለሉን ጨርሳ የባለ ፋርማሲውን ሱሪ ቀጠለች፤ እሱም የሚገባውን ቅጣት እንደሚቀበል ሰው እግሩን ዘረጋላት። አቤት ሲረዝም! ሰው ሥራ ሲሠራ ዝም ብሎ ማየት ይህን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ አላውቅም ነበር። የአባ ላግዝ ላብ በአገጫቸው ይንጠባጠባል። በመካከል «ትርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ኮቱ ነው፣ ጫፉ እጄ ላይ ቀረ። እሳቸው ሳይነሱ በኔ ጉተታ ነው የተቀደደው።

ሚጣ ጆጉን መልሳ ሞላች። አሁን ያየችው ውሃውን ብቻ ነው። ቀዳች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ለአባቷ አቀበለች። አባ ላግዝ መዳፋቸውን ከሥራቸው አወጡ፤ ደንዝዟል መሰለኝ መጀመሪያ አልታዘዛቸውም። ተቀብለው አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ ጨለጡት።

«ጣፈጠኝ» አሉ።

«ውሃ እኮ ነው አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

ስንት ሐሜት የፈጀሁባቸው ሰውዬ አንጀቴን በሉት። ዓይኔን ልጠርግ እጄን ባነሳ የኮታቸው ጨርቅ እጄ ላይ ነበር፤ በእሱው ጠረግሁ። ባለ ፋርማሲውም ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆይቷል። «በእርጥቡ ሱሪዬ አፍሬ ነው» ይላል።

መውጫ ላይ ሚጣ ኮቷን ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ ሁለት እጇን እጅጌው ውስጥ ከታ፣ ወንጨፍ አድርጋ በአናቷ ላይ አሳልፋ ለበሰችው። አባቷ ሰርከስ እንደሚያይ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው አዩአት። ከዚያ ጫማዋን ለማሰር ቁጭ ስትል፣ ረጅም ጉዳይ መሆኑን አይተው፣ ደጁ ላይ ቆመው ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመሩ።

ይህን የምጽፍላችሁ እዚያው ትምህርት ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ከነዚያ ትናንሽ ወንበሮች በአንዷ ላይ ሆኜ ነው። የሆዴን ሳልጽፍ መውጣት አቅቶኝ ነው እንጂ ለካ የሚበልጥ ጉዳይ አለብኝ። የአባ ላግዝ ባለቤት ነርስ ናት፤ ዛሬ ተረኛ ስለሆነች አልመጣችም። ጠዋት መንገድ ላይ አግኝቻት «ዛሬ እንግዲህ ይቀመጣሉ» ብላት «እሱ? ሲተኛ እንኳ እግሩ ይሄዳል!» ብላ ስቃብኝ አልፋለች። ስልኳ ላይ ብደውል አይነሳም። ክሊኒኩ ግን ከዚህ ሁለት መታጠፊያ ነው።

አባ ላግዝም ሊነግሯት ወጥተው ነበር። ግን የባለ ፋርማሲው መኪና አልነሳ ብላ በር ላይ ቆማለች፤ «ላግዝ?» ሲሉ ከዚህ ሆኜ ሰማኋቸው። ባለ ፋርማሲው ከእግዜር የተላከ ድምፅ የሰማ ይመስል መሪውን ለቆ ወረደ። አሁን እሳቸው ከኋላ ይገፋሉ፣ ሚጣ ደግሞ ከጎናቸው ትንንሽ እጆቿን አስደግፋ ትገፋለች፤ ማንም ተዪ አላላትም። መኪናዋ ስትነሳ ደግሞ ያ የሚጮኸው የበር ማጠፊያ አለ፤ ገና ሲገቡ በዓይናቸው ሲለኩት አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ ጊዜ አለኝ። እሳቸው ሳይቀድሙኝ ደርሼ መንገር አለብኝ፤ ሚስቲቱ ካላመነችኝ የባሏ ኮት ቁራጭ በእጄ ነው። ደኅና ሁኑ፣ ልሩጥ!